እምቢ ባይዋ ጋ ወራጅ አለ

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ ቤታችን ፊት ለፊት መኪና አይቆምም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስም አልነበረንም። ሚኒባስ የሚቆመው ስም ላይ ነው። ከእኛ ዝቅ ብሎ «ድልድዩ» አለ፤ ከፍ ብሎ ደግሞ «ወፍጮው»። ወፍጮው ተነቅሎ ከተወሰደ ቆይቷል፤ የቀረው ሳርና የአንድ ሰካራም መኝታ ነው። ስሙ ግን እስካሁን መኪና ያቆማል። እኛ ቤት አለን፣ ቡና አለን፣ የሚጮህ ውሻ አለን፤ ለረዳቱ ግን ባዶ ጫካ ነበርን።

እኔስ እግሬ ደህና ነው። ጉልበቷ የማይታጠፈው ሚስቴ ናት። ከቴፒ ገበያ ስትመለስ የገዛ ቤቷን በመስኮት እያየች ታልፍና ወፍጮው ጋ ትወርዳለች፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በጭቃ፣ ጎደሬዋን ተሸክማ፣ ወደ ኋላ። «አንድ ቀን ተንሸራትቼ ድልድዩ ድረስ እሄድልሃለሁ» ትለኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ መጻፍ ያምረዋል። ቆርቆሮ አቀናሁ፣ ቀይ ቀለም ገዛሁና ስም አወጣሁ፦ «አዲስ ተስፋ»። መንገድ ዳር ተከልኩት።

ጎረቤቴ፣ የቦታው ተወላጅ፣ የሸኮ ሰው፣ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ባዶ ቦታ ስም ይፈልጋል።»

«ባዶ?» ሳቀ። «አባቴ እዚህ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ቦታው ስም ነበረው። አንተ መጥተህ ዛፉን ቆረጥክ፤ ስሙን አልጠየቅክም።»

«በል ንገረኛ!»

በቋንቋው ነገረኝ። ደግሜ ልለው ሞከርኩ፤ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀብኝ። «ተወው፤ ምላስህን ከበደው። ረዳቱ ሲለውማ ንቡ ሁሉ ይሰደዳል።»

እሑድ ጠዋት ጥላ የያዙ፣ የክት የለበሱ ባልና ሚስት ደጃችን ቆሙ። «ወንድም፣ ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አሉኝ። ቆርቆሮዬን አይተው አዲስ ጸሎት ቤት መስሏቸው ነው። አልፈርድባቸውም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም ጽፎ መንገድ ዳር የሚተክል ሌላ ማን አለ? ሚስቴ ቅቅል ጎደሬ አብልታ ሸኘቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ፓስተር» ትለኛለች። መኪና ግን አልቆመም።

ቀጥሎ የሆነውን ጎረቤቴ ነው የነገረኝ፤ አብሯት ከገበያ ይመለስ ነበር። ደጃችን ሲደርሱ «እዚህ ጋ አውርዱኝ» አለች። ረዳቱ «ማዘር፣ እዚህ ፌርማታ የለም» አላት። ወፍጮው ጋ ሲቆሙ ግን በሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ የጎደሬ ጆንያዋ እግሯ ሥር እንዳለ፣ ንቅንቅ አልልም አለች።

«ማዘር፣ ይውረዱ እንጂ!»

«እምቢ።»

«ሚዛን ልንሄድ ነው እኮ!»

«ሂዱ። የሚዛንን ገበያ ካየሁ ቆየሁ።»

ከኋላ ያሉት መውረድ ፈለጉ፤ በእሷ ላይ መዝለል ግን ፈሩ። ዶሮ ያቀፈች ሴት «ኧረ መልሷት፣ ዶሮዬ ልትሞትብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ተሳደበ፣ ሳቀ፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

እኔ ቆርቆሮዬ ሥር ቆሜ ሚኒባስ በቂጡ ሲመጣ አየሁ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ እቃዎን ይረከቡ!» አለኝ። «እቃ አባትህ ነው!» አለች ሚስቴ፤ ተሳፋሪው አጨበጨበላት።

ብዙም ሳይቆይ ስም ወጣልን። «እምቢ ባይዋ ጋ ወራጅ አለ!» ይላል የማላውቀው ሰው ሁሉ፤ መኪናው ቀጥ ይላል። ሚስቴ ደጃፏ ላይ ትወርዳለች። መደሰት ይገባኝ ነበር፤ አልተደሰትኩም። ዓይኔን አፍጥጬ በተማርኩት ፊደል የጻፍኩትን ስም አንዲት «እምቢ» በላችብኝ። «እምቢ ባይዋ» የሚለውን በአፌ ላልጠራ ማልኩ።

አንድ ቀን ብቻዬን ከቴፒ ስመለስ፣ በዶፍ ዝናብ፣ «አዲስ ተስፋ ወራጅ!» አልኩ።

«የት ነው እሱ?» አለ ረዳቱ።

«ጸሎት ቤቷን ማለቱ ነው መሰለኝ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጸሎት ቤትማ ከወፍጮው ማዶ ነው» አለ ሌላው።

እነሱ ሲከራከሩ ቤቴ አለፈ። ወፍጮው ጋ ወርጄ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት፤ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ። ሚስቴ ከነጭቃዬ አየችኝና «ፓስተር፣ ምን ብለህ ጠራኸው?» አለች።

በሚቀጥለው ገበያ አብረን ነበርን። ድልድዩን አለፍን። ወራጅ የምትለው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ያን ቀን ግን አፏን ዘግታ በመስኮቱ ታያለች። ቤታችን እየቀረበ ነው። ጉልበቷን በእጇ ያዘች፤ አሟት ይሁን ልታስፈራራኝ ፈልጋ እስካሁን አላውቅም።

«እምቢ ባይዋ ጋ… ወራጅ» አልኩ።

«አልሰማሁም ፋዘር!»

«እምቢ ባይዋ ጋ! አንተ ደንቆሮ!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ፤ ቆመም። ሚስቴ ጆንያውን አሸክማኝ እንደ ወይዘሮ ወረደች።

ቆርቆሮዋ አሁን ጓሮ ናት። ጽሑፏ ወደ መሬት ተገልብጦ ሚስቴ ኮረሪማ ታሰጣባታለች። ጎረቤቴ ሲያልፍ መታ መታ ያደርጋትና ያንን የአባቱን ስም ይጠራል። እኔም ተከትዬ እሞክራለሁ፤ እስካሁን አልወጣልኝም።