በካሜራው ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር

የጥብቅና ሶፍትዌር ሊሸጥልኝ ከደሴ የመጣው ሰው ሐይቅ ከተማ ያለችውን ቢሮዬን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራልዎታል?» አለኝ። ገና ሳይቀመጥ ጠመድኩት። ሶፍትዌሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ነው፣ መዝገብ ያነባል፣ አቤቱታ ያረቅቃል ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የምናስገባው የት ነው የሚቀመጠው? ማን ያየዋል?

«ጋሼ፣ አያስቡ፣ የተቆለፈ ነው።»

ቁልፉስ ማን ጋ ነው ስለው ሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም።

ለአንድ ወር ሞክሩት ብሎ ጫነልን። እሱ እንደወጣ የኮምፒውተሩ ካሜራ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። ጸሐፊዬ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ሳልሞክር ደግሞ መወሰን አልችልም። አንድ መዝገብ ከነማስታወሻ ደብተሬ ሰጠኋትና ሁሉንም ፎቶ እያነሳች አስገባችው።

መዝገቡ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ነው። ሐይቁ ዳር ያለችውን ማሳቸውን የባላቸው ወንድም ድንበር እየገፋ ይዞባቸዋል። ሌላ መሬት የላቸውም። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰውየው ሽማግሌዎች ፊት ጥፋቱን አምኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደጠየቀ ነግረውኛል። የካደው በኋላ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ፍርድ ቤት አይወጣም። «ላንተ ብቻ ነው» ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ። እሺ እያልኩም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ረቂቁ በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ሴትዮዋን አስጠርቼ ቀሪውን እዚያው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። «ተከሳሹ በሽማግሌዎች ፊት ድንበር መግፋቱን አምኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ በመሆኑ...» ማንበቤን አቆምኩ።

«ይህን ማን ነገረው?» አሉ።

«እማማ፣ ማሽኑ ነው የጻፈው።»

«እቃው እዚያ አልነበረም። የነበርኩት እኔ፣ የነገርኩህ አንተን። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው የዘጉትን ነገር እኔ ዳኛ ፊት አውጥቼው በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ወላሂ ልጄ፣ መሬቴን ባጣት ይሻለኛል» አሉና አረንጓዴውን የመሬት ደብተራቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። እንዲቆዩ ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም። ውጫሌ ያለ ሌላ ጠበቃ እንደያዙ ቆይቼ ሰማሁ። አፈርኩ። አሁንም አፍራለሁ።

ሻጩ በሳምንቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩን አሁንም አላመኑትም?» አለኝ። «እሱ የጻፈው እኔ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን ነው» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ፣ ጸሐፊዬ እያየችኝ፣ ፕላስተሩን ከካሜራው ላይ ላጥኩት።