ሃያ ምላስ የተባለው ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አጎቴ፣ አንተ ድሮ ስለ ሙዚቃ ትጽፍ ነበር አይደል? እስቲ ይኼን ሰምተህ ፍረድ» አለችኝ። አዲስ የወጣ የሂፕ ሆፕ አልበም ነው። ዘፈኖቹን በጣቷ ወደ ላይ ስትገፋቸው ከእያንዳንዱ ርእስ ጎን የተጋባዥ ራፐር ስም ይግተለተላል። አንዳንዱ ዘፈን ላይማ የአልበሙ ባለቤት ራሱ የት እንደገባ ለማወቅ ይቸግራል። እስከ መጨረሻው ሰማሁላትና «ደህና ነው» አልኳት። ቅር አላት። ምን ላድርግ፤ እንዲህ ተጋባዥ የታጨቀበት ሥራ ስሰማ ምንም አይሰማኝም። መጥላቴ አይደለም። ጥርስ ሊነቀል በመርፌ የደነዘዘ ድድ ሲነኩት እንደሚሆነው ነው፤ መነካቱ ይታወቃል እንጂ አያምም። ከየት እንደጀመረኝ አውቀዋለሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እሪ በከንቱ ውስጥ አንድ ቧንቧ ለሁሉም በሚበቃበት፣ ወይም በቃ በሚባልበት፣ የቀበሌ ግቢ እንኖር ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ነው። ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ወርቄና አንድ ልጃቸው ምንተስኖት ነበሩ፤ ምንቴ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እኔና ምንቴ በየአልጋችን ተኝተን ተረብ እንወራወር ነበር። እሱ ምላስ ነበረው፣ ራፐር ሆነ። እኔ ምላስ ስላልነበረኝ ጻፍኩ። ፒያሳ ፎቅ ላይ፣ ወለሉ በተረገጠ ቁጥር የሚያቃስት ክፍል ውስጥ የሚዘጋጅ አንድ የመዝናኛ ጋዜጣ ነበር፤ በየሳምንቱ በወጡ ካሴቶች ላይ ሂስ እጽፍለታለሁ። ምንቴ ሥራዬን «ሐሜት በደመወዝ» ይለው ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ አሳታሚ ከየሰፈሩ ሃያ ልጅ ሰብስቦ «ሃያ ምላስ» የሚል ካሴት ሠራ። በአንድ ዘፈን አምስትም ስድስትም ሆነው እየተቀባበሉ ነው የሚሉት። ሲቀረጹ አብሬያቸው እውል ነበር፤ ከቀረጻው ክፍል ውጭ ቆመን ቦንቦሊኖ በሻይ እየበላን፣ ተራው የደረሰው ስኳሩን ከከንፈሩ ጠርጎ ይገባል። ስለዚህ የሃያዎቹንም ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን የሁሉም ስም በአንድ ላይ ተደርድሮ ነው የወጣው፤ የትኛውን ግጥም ማን እንዳለው አይናገርም።

ካሴቱ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ ላይ ምንቴ ሞተ። ጉበቱን ነው አሉ። ትንሽ ታመመ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በቃ። ድንኳን ተከልን። ወንበር ተሸከምኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ንፍሮ አዞርኩ። አላለቀስኩም። አብሮ አደጌ ነው፣ ጫማዬን እየተዋሰ የሚያበላሽብኝ ወንድሜ ነው፤ አፈር ሲመለስበት ቆሜ እያየሁ የማስበው ጭቃው ሱሪዬን እንደነካው ነበር። ሰው ታዘበኝ። እናቴ ማታ ራት ስታቀርብልኝ «አንተ ልጅ፣ እርምህን አውጣ እንጂ። ለጓደኛ ያልተለቀሰ እንባ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። በትእዛዝ የሚሆን ግን አልነበረም።

ለቅሶ ባለበት ግቢ እስከ አርባው ቴፕ አይከፈትም። ያ ደንብ የሃይማኖት አይደለም፤ የግድግዳ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብረዋል። ስለዚህ «ሃያ ምላስ» ወጥቶ ፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች በር ላይ ሲያንባርቅ፣ ታክሲ ሁሉ እሱን ሲጫወት፣ እኛ ግቢ ዝም ያለ ነበር። ዋና አዘጋጃችን ጋሽ ፍሥሐ ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ሟቹ ያንተ ሰፈር ልጅ ነው አሉ። እሱን ደህና አድርገህ አንሣው፤ አንባቢ እንባ ይወዳል» አለኝ። እዚያው ቢሮ ሰማሁት። ግማሹ ጫጫታ ነው። ሁሉም ይገባል፣ ስሙን ይጠራል፣ ሰፈሩን ይጠራል፣ ሌሎቹን ይሰድባል፣ ይወጣል። የምንቴም ከዚያው ነው፤

«ፒያሳ ላይ ስወርድ መብራቱ ይቀየራል፣
ጫማዬን ያየ ሰው መንገዱን ይስታል።»

ጫማው የኔ ነበር። ይኼም አላሳቀኝም፣ አላስለቀሰኝም። ከእሱ ቀጥሎ የሚገባው የዶሮ ማነቂያ ሰፈሩ ልጅ ዮናስ ነው። ዮኒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ስለ እናቱ ይናገራል። ከካሴቱ ሁሉ የሚበልጠው የእሱ እንደሆነ ዛሬም እመሰክራለሁ።

እትዬ ወርቄ አንድ ጠዋት ቧንቧ ላይ ያዙኝ። ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ጀሪካናቸው ሞልቶ እየፈሰሰ አያዩትም።

«ሰይዴ፣ የልጄ ድምፅ ወጥቷል አሉ።»

«ወጥቷል እትዬ።»

«ቤት እያለ ሲለፈልፍ ዝም በል እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጨርሼ አልሰማሁትም። አሰማኝ።»

«አርባው ሳይወጣ ግቢው ውስጥ…»

«ግቢው ውስጥ መች አልኩህ? ውሰደኝ።»

ወሰድኳቸው። ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር፤ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው፣ በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል። ፒያሳ የማውቀው ሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ የሚባል ሰው ነበር። ጥቁሩን ልብስ ሲያይ በር ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያ ዘጋና ከባንኮኒው ጀርባ ተነሣ። ነገሩን ስነግረው ሌላ አልጠየቀም፤ ካሴቱን አስገባና ትልቁን ማዳመጫ በሻሻቸው ላይ ደፋላቸው። ቆመው መስማት ጀመሩ። ጆሯቸው ስለተደፈነ ሲናገሩ ይጮኹ ነበር።

«ይኼ ማነው? ይኼስ? ሁሉም ስሙን ተናግሮ ውልቅ ይላል እንዴ! ለቅሶ ደራሽ እንኳ ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው!»

ጋሽ ታደሰ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ዓይኔን ከሚዞረው ካሴት ላይ አልነቀልኩም። የትኛው ዘፈን ላይ እንደደረሱ አውቃለሁ፤ ከማዳመጫው ቀጭን ድምፅ ያመልጣል። የምንቴ ተራ ደረሰ። ምንቴ ራፕ ሲል ድምፁን አሻክሮ፣ ከጉሮሮው እየገፋ ነበር፤ ያ ድምፅ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። እትዬ ወርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኤዲያ፣ ይኼ ደግሞ ጉረኛ ነው» አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ግን የዮኒ ግጥም ገባ። ሁለቱንም እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አደረጉ።

«ባመሽም ባጠፋም በሯን አትዘጋብኝም፣
ትጮህብኛለች እንጂ ጦሜን አታሳድረኝም።»

«ይኸው!» አሉ። «ይኸው ልጄ! በሩን የማልዘጋለት እኮ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!»

ለቅሷቸውን ለቀቁት። ቀብር ላይ ያን ያህል አላለቀሱም ነበር። መንገደኛው ቆመ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ገብታ አብራ አነባች። ጋሽ ታደሰ የዮኒን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ካሴት ሲቀዳ የሚውል ሰው ነው። ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። እንዳይነግራቸው ራሴን ነቀነቅኩለት። ወንበር አመጣላቸው፤ እየመለሰ እየመለሰ ያንኑ አሰማቸው።

ስንመለስ በቆሎ ገዝተው ከሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይለምናቸው ሲበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «ሰማኸው አይደል?» ይሉኛል በየመታጠፊያው። «ሰማሁ እትዬ» እላለሁ። ደስ አላለኝም፤ አላዘንኩምም። በቆሎው ትኩስ እንደነበር ነው የማስታውሰው።

ሂሱን ጻፍኩ። ደካማውን ደካማ አልኩ። ስለዚያ ዘፈን ስደርስ፣ ስለ እናት የተባለው ከካሴቱ ሁሉ ይበልጣል ብዬ ስም ሳልጠራ አለፍኩ። ጋሽ ፍሥሐ ከዚያው አንቀጽ ጎን የምንቴን ፎቶ ጥቁር መስመር አክሎ አስገባው። ጋዜጣው ሲወጣ አራዳ ሁሉ ግጥሙ የሟቹ ነው አለ። ልጆች መንገድ ላይ ሲሉት «የምንቴን በለው» ይባባሉ ጀመር።

ዮኒ ከአርባው በፊት ባለው ቀን ግቢያችን በር ላይ መጣ። ጋዜጣውን ጠቅልሎ ይዞታል። እናቱ አትክልት ተራ ከአባቴ አጠገብ ጎመን ትሸጥ ነበር፤ ከልጅነታችን እንተዋወቃለን።

«ሰይዶ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ተሳስቶ ነው የወጣው።»

«እናቴ ጋዜጣውን አስነብባ ‹ያንተ የቱ ነው?› አለችኝ። የእናትዬዋ የኔ ነው፣ ስላንቺ ነው አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹የሞተ ሰው ቃል አትንጠቅ› አለችኝ። የገዛ እናቴ! ተረበችህ ነው እንዳትለኝ፣ አልቅሳ ነው ያለችኝ። ሌላ ምን አለኝ እኔ? አንድ ደህና ነገር ብናገር እሱን ወሰዳችሁት።»

እውነቱን ነበር። ሙዚቃ ቤት የሆነውን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ቁጣው ግን አልበረደም። «ነገ አርባው ነው» አልኩት። «ና፣ ሴትዮዋን እያቸው። ከዚያ አስተካክል ካልከኝ በሚቀጥለው ሳምንት በስምህ አስተካክላለሁ። ለእሳቸውም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«አስተካክል ነው የምልህ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ድንኳኑ ሞልቷል። ለእኛ ለእስላሞቹ አባቴ ያረደው በግ በሌላ ድስት ተሠርቶ ጥግ ላይ ለብቻ ቀርቧል። ዮኒ እንጀራ አልነካም። እትዬ ወርቄ ፊት አቀረብኩትና «የምንቴ ጓደኛ ነው፤ አብረው ነው የተቀረጹት» አልኳቸው። እጁን ያዙት፣ አልለቀቁትም።

«ልጄ ያንን ሲናገር አጠገቡ ነበርክ?»

መልሱን አልጠበቁም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ግጥሙን አሉት። ቶሎ ቶሎ አይደለም፤ በሙሾ ዜማ እየጎተቱ፣ ሴቶቹ ከሥር እየተቀበሏቸው። ማንበብ የማይችሉ ሰው አንድ ቃል ሳይስቱ በቃላቸው ይዘውታል። የዮኒ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩት።

«ሲለው ከወረቀት እያነበበ ነው?»

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«አይደለም እትዬ» አላቸው። «በቃሉ ነው። አንዴ ብቻ ነው ያለው፣ አስደግሙኝ አላለም። ፈገግ እያለ ነበር።»

ግንባሩን ሳሙት። ከድንኳኑ ወጥተን ቧንቧው ጋ ስንደርስ ሸሚዙን ከአንገቱ ከፈተና «ተወው» አለኝ።

«እናትህስ?»

«እሷ እኔ አለሁላት።»

ተውኩት። ለጋዜጣው ከዚያ በኋላ ብዙም አልጻፍኩም። ካሴት ሰምቼ ይኼ ይበልጣል፣ ያ ያንሳል ለማለት ልቤ አልተመለሰም። ግቢያችን ፈርሶ ሁላችንም ተበታትነናል። እትዬ ወርቄ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ዳር ሲኖሩ ቆይተው አረፉ፤ እስከ መጨረሻው ለጎበኛቸው ሰው ሁሉ ልጃቸው ስለ እሳቸው ያለውን ይነግሩ ነበር። ለእሳቸው አለቀስኩ። ለምንቴ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ሰዎች ራፐር ከራሱ በቀር የሚያወራው የለውም ይላሉ፤ በአብዛኛው ልክ ናቸው፣ ስጽፍም የኖርኩት ይኼንኑ ነው። እኔ ግን የነበረችውን አንድ ደህና ነገር ለሌላ ሰው ትቶ በባዶ እጁ የሄደ አንድ አውቃለሁ።

ዮኒ ከ«ሃያ ምላስ» በኋላ አልተቀረጸም። የመብራት ዕቃ ይሸጣል፤ ሽበት አውጥቷል። አልፎ አልፎ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ተገናኝተን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን። ያን ነገር ግን አንሥተነው አናውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ አልበሙን ካሰማችኝ በኋላ ሰኞ ዕለት ስንገናኝ አላስችል አለኝና «ዮኒ፣ ያቺን ግጥም ታስታውሳታለህ?» አልኩት።

ሲኒውን አስቀመጠ።

«የቷን? የምንቴን?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

«አዎ» አልኩት፤ «የምንቴን።»