አቀንጭራ የበላው የልጄ ማሳ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነበር። ፍልሰታን እንደፈታን ከወልድያ ወደ ሐብሩ ወረድኩ። ልጄ ዘውዲቱ ያገባችው ከግራና አለፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። ባሏ ሚሊሻ ሆኖ ዘምቷል፤ እሷ ነፍሰ ጡር ናት። ከመርሳ የመጣ ነጋዴ፣ «ማሽላዋ ስለጠፋ ሰነፍ ናት ተብሎ መሬቷ ለሌላ ሊሰጥ ነው» ብሎ ነገረኝ። ያኑ ማታ በሶ አዘጋጀሁላት።

ከወልድያ እስከ መርሳ

ኬላው ላይ ፈታሾች ለልጄ የያዝኩትን በሶ በእጃቸው አመሱት። ምን እንደሚፈልጉ እነሱም አያውቁም። ጨው የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ፤ ሾፌሩን እግዜር ይስጠው። ሲሪንቃን ስናልፍ በመንገዱ ዳር ያለው ማሽላ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በመስመር ቆሟል።

«እዚህ እንዲህ ካማረ የልጄ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ዝናቡማ አንድ ነው፣ እትዬ» አለ ሾፌሩ።

መርሳ ሙቀቱ ያፍናል። ፓፓያ ገዝቼ በእግሬ ወደ ግራና ያዝኩ።

ማሳው

ከሩቅ ሐምራዊ አበባ አየሁ፤ ያማረ አበባ። ቀረብ ስል ማሽላው ከወገቤ አይበልጥም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ውሃ ላይ ቆሞ የተጠማ እህል አይቼ አላውቅም።

ዘውዲቱ ሆዷን ደግፋ ከማሳው መካከል ተነሣች። ተሳሳምን።

«ሁለቴ አርሜዋለሁ፣ እማዬ። ስነቅለው ይብሳል።»

ጎረቤቷ አባ ይማም መጡ። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን መጣሽላት» አሉኝ። ጎንበስ ብለው አንድ አገዳ በዶማ ከነሥሩ አነሡ። አፈሩን አራገፉልኝ። አቀንጭራ የሚሉት ያ ባለ አበባ አረም ሥሩን የማሽላው ሥር ላይ ለጥፏል፤ ጡት እንደያዘ ሕፃን።

«ከእርሻ ሚኒስቴር የመጣ የልማት ሠራተኛ እንዲህ ቆፍሮ አሳየን» አሉ። «ከላይ ቅጠል አለው፤ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሠርቶ የሚበላ ይመስላል። ከታች ውሃውንም ምግቡንም ከማሽላው ነው የሚጠባ። ብቅ ሳይል በፊት መሬት ውስጥ ሆኖ በልቷል። ዘሩ እንደ ዱቄት ነው። ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ የማሽላ ሥር ሲጠጋው ይነቃል። ሽምብራ ቢዘራበት አይነቃም።»

«አምናስ ነበረ?»

«እዚህ ማሳ ላይ አልነበረም።»

«ታዲያ ማን አመጣው?»

አባ ይማም ዘውዲቱን አዩ። የመለሰችልኝ ዘውዲቱ ናት። ባሏ ሲዘምት ጎረቤቶቿ ከብቶቻቸውን ማሳዋ ላይ አሳድረውላታል፤ ፍግ እንዲሆናት። የአገሩ ወግ ነው፤ አቅም ያጣ ቤት ማሳው በሰው ከብት ይታገዛል።

«ከብቶቹ ምን ይበሉ ነበር?» አልኩ።

«አምና ከየማሳችን ነቅለን ያደረቅነውን አቀንጭራ» አሉ አባ ይማም፣ መሬት መሬት እያዩ። «ሲነቀል ለምለም ነበራ፤ ለከብት ይሆናል አልን። ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ አይሞትም ኖሯል። በፍጉ ዘራንላት። ይህንንም የልማት ሠራተኛው ነው የነገረን፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ቆሞ ሰምቷል።»

ስላገዟት አመሰግናለሁ። ልጄ ሰነፍ ስትባል ይህን እያወቁ ዝም ማለታቸው ግን አልዋጥልኝ አለ።

ስብሰባው

በማግስቱ ጠዋት ገበሬ ማኅበሩ በልጄ መሬት ጉዳይ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «መሬት ላራሹ ነው፤ ለተኛ አይደለም» አለ። ሊሰጥ ያሰበው ለሚስቱ ወንድም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ ስነሣ ፈገግ አለ።

«እርስዎ የወልድያ ሰው፣ ስለ ማሽላ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ ማሽላ አይደለም፤ ስለ ከብቶችህ ነው የምጠይቅህ። ልጄ ማሳ ላይ አድረዋል?»

«አድረዋል። ደግ ሠርተን ልንወቀስ ነው?»

«ምን በልተው ነው ያደሩ?»

አባ ይማም ተነሡ። «አቀንጭራ ነው የበሉ። የኔም፣ ያንተም። ልጅቱ አርማለች፤ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል።»

ከኋላ አንዱ፣ «እንዲያ ከሆነ መሬት የሚነጠቁ ላሞቹ ናቸዋ» አለ። ሰው ሳቀ።

ሊቀ መንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «እሺ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አበባው ዘር ሳይጥል ማሳውን ካጸዳች ይቆይላታል። ዘር ከጣለ የሁላችንንም ይበክላል፤ እንወስደዋለን። አባላት ይህን ሳምንት የወል እርሻ ላይ ናቸው። አንድም ሰው አይቀርም።»

አንድም ሰው እንዳያግዛት ማለቱ ነው። ስምንት ወር የሞላት ሴት ብቻዋን ያን ሁሉ ልትነቅል።

ወደ ቤት

ያን ዕለት ከሰዓት መርሳ መኪና አግኝቼ ማምሻውን ወልድያ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የገበሬ ማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው ሳስብ ነበር። ልጄን በሕይወት ስላሳየኝ እግዚአብሔር ይመስገን። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እህል ሲጠወልግ አራሹን ከመውቀስ በፊት ሥሩን ቆፍሮ ማየት ይገባል።

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ የማርያም ማኅበርተኞቼን አገኘሁ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው። አራቱ ነጠላቸውን አደግድገው ተከተሉኝ። ቀትር ላይ ማሳው ውስጥ ነበርን። ጉድጓድ ቆፍረን የነቀልነውን ሁሉ እዚያው ቀበርን፤ አንድ ቅጠል ለላም አልሰጠንም። በአምስተኛው ቀን፣ ጥቂት ትልም ብቻ ሲቀረን፣ ሊቀ መንበሩ በማሳው ዳር ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ቀና ሳልል ቀጣዩን ነቀልኩ።