ነጥብ ያለባቸው ሁለት እንቁላሎች

የሚስቴ ወንድም መተማ ሰሊጥ ይነግዳል። አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ለቤታችሁ ብሎ አንድ ጆንያ ሰሊጥ ይዞልን መጣ። ጆንያውን ሳሎን ውስጥ ስንፈታው ሁለት እንሽላሊቶች ዘለው ወጡና በግድግዳው ሽቅብ ሮጡ። ሚስቴ ወንበር ላይ ወጣች። እኔ የጫማ ብሩሽ አነሣሁ።

እነዚህ የቆላ እንሽላሊቶች ናቸው። ጣታቸው ልሙጥ ግድግዳ ይይዛል፣ ዓይናቸው አይጨፈንም፤ መተማ ውስጥ አምፖል ባለበት ሁሉ ተለጥፈው የእሳት ራት ሲለቅሙ ያመሻሉ። ለጎንደር ብርድ የተፈጠሩ አይደሉም።

"አያ፣ ምነው? ምንም አያደርጉም እኮ!" አለኝ የሚስቴ ወንድም። "እኛ ጋ እንደ ቤተሰብ ናቸው።"

"እንግዲያው ቤተሰብህን ይዘህ ሂድ" አልኩት።

ብሩሹን ከመወርወሬ በፊት ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። ደብተሯን ጣለች፣ ጎድጓዳ ሳህን አነሣች፣ ሁለቱንም አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ደፋችባቸውና ከሥር ካርቶን አስገብታ ያዘቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባባ፣ የክሩን ሣጥን ስጠኝ" አለችኝ።

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አካባቢ፣ ከቤታችን በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ የቀረውን እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ፣ መኪናውንም እየፈታሁ እየገጠምኩ በራሴ ተማርኩ። በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ የማያውቀውን ነገር ሲያይ የሚያውቀው ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው እንደኔ ያለ አባት ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ክርና መርፌ የማስቀምጥበትን የመስታወት ሣጥን ሰጠኋት። መስጠቴ ከደግነት አይደለም፤ የጠየቀችኝ በእንግዳ ፊት ስለሆነ እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ልጅቷ አምፖል አስገባችበት፣ አሸዋና ድንጋይ አደረገችበት፤ እንሽላሊቶቹም መተማ ያሉ መስሏቸው ተቀመጡ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ርኩስ እንስሳ ከጸሎት መጽሐፌ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ያፈጥብኛል። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ "ልትበላው ነው?" አሉኝ።

"ኧረ በስመ አብ!"

"እንግዲህ አትብላው ተባልክ እንጂ አታሳድገው አልተባልክም። ይልቅ ጠበል ልረጭ ስመጣ ሣጥኑን አሳየኝ፤ በሰው ቤት አንድ ጊዜ ከሩቁ አይቼው ነበር" አሉኝ። ከቤተ ክህነት በኩል የጠበቅሁት ድጋፍ በዚሁ አበቃ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እንስቲቱ ሁለት እንቁላል ጣለች። ከሽምብራ ፍሬ ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ነጫጭ፣ ድርቅ ያሉ። ልጄ በደስታ ጮኸች። እኔ በዚያው ቀን ወረቀት አወጣሁ። ቤቴ ውስጥ ነገር ሲበዛ ሕግ መጻፍ ልማዴ ነው። ጻፍኩ፤ "ሁለቱም እንቁላሎች በሰላም ከተፈለፈሉ እንስሳቱ እቤት ይቀመጣሉ። አንዱ እንኳ ከተበላሸ ሁሉም ከአጎትሽ ጋር ወደ መተማ ይመለሳሉ።" ልጄ አነበበችው።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ኃላፊነት ማለት ይሄ ነው።"

ፈረመች። እናቷ ምስክር ሆና ፈረመች፤ ስትፈርም ግን ያየችኝ አስተያየት ደስ አይልም ነበር።

ቀን ሲሄድ ሳየው፣ ልጅቷ ለካ ቀልድ አልያዘችም። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ሙቀቱን በእጇ ትለካለች። መብራት ሲጠፋ ውኃ አሙቃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትሞላና ከሣጥኑ ጋር አስጠግታ በጋቢ ትሸፍናለች፤ ጋቢው የኔ ነው። ጾም ነውና የሥጋ ቤቶች ደጅ ዝንብ ጠፍቶ ነበር፤ እሷ ግን ከየት እንደምታመጣው እንጃ፣ በየቀኑ ዝንብ አታጣም። ሳያት አንጀቴን በላችው። ሕጉን መሻር ግን አልቻልኩም፤ የራሴ ፊርማ አለበት። ስለዚህ ሕጉ እንዳለ ሆኖ በስውር ላግዛት ወሰንኩ።

እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ እንቁላሎቹን በከሰል ምልክት ታደርግባቸው ነበር። ዶሮዋ ሰነፍ ከሆነች እናቴ ራሷ ጠዋትና ማታ ምልክቱን እያየች ታገላብጣቸዋለች፤ ካልተገላበጠ ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል ትል ነበር። እንግዲህ የልጄን ሣጥን ጠጋ ብዬ ሳይ፣ በሁለቱም እንቁላሎች አናት ላይ በእርሳስ የተደረገች ትንሽ ነጥብ አለች። ልቤ ተነካ። "በአያቷ ወጣች" አልኩ። ነጥቦቹ ግን በየቀኑ ወደ ላይ እንዳሉ ናቸው። ምልክቱን አድርጋ ማገላበጡን ረስታዋለች ማለት ነው። ልጅ አይደለች!

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነጥቡን ወደ ታች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከመምጣቷ በፊት ነጥቡን ወደ ላይ አደረግሁ። ርኩስ ነገር በእጄ አልነካም ብዬ ስለነበር የምሠራው በሻይ ማንኪያ ነው። አንድ ቀን ሚስቴ ሣጥኑ ውስጥ ማንኪያ ከትቼ ደረሰችብኝ።

"አንተ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ስኳር አገኘህ?"

"አሸዋውን እያስተካከልኩ ነው።"

"በኔ ማንኪያ?"

ማንኪያውን ወደ መሣሪያ ሣጥኔ አዛወርኩት። ሥራውን ግን አላቋረጥኩም። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቀኝ እንኳ "አንድ ጊዜ" ብዬ ገብቼ አገላብጬ እወጣ ነበር። በዕለተ ስቅለት ለስግደት ከመሄዴ በፊት አገላበጥኩ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጽናት አሳይቼ አላውቅም።

ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ አንደኛው እንቁላል ተሰበረ። የወጣችው ፍጥረት ከክብሪት እንጨት አትበልጥም። ጅራቷ እንደ ዓሣ መንጠቆ ተቆልምሟል፣ ወገቧ ጎብጧል፣ አንደኛው የኋላ እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል። ስትራመድ ወደ ፊት ሄዳ ወደ ጎን ትደርሳለች። ሁለተኛው እንቁላል አልተሰበረም። አምስት ቀን ጠብቃ ልጄ በመርፌ ጫፍ ከፈተችው፤ ውስጡ ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ ጥፍር እንኳ ያለው፣ የሞተ ትንሽ እንሽላሊት ነበር።

አላለቀሰችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ በኋላ ሳየው "የኔ ጥፋት ነው፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅሁም" ይላል።

የባዮሎጂ መምህሯ፣ ትሑት ወጣት ሴት፣ ወሬውን ሰምታ እቤት ልታይ መጣች። ሻይ ቀረበላት። ሣጥኑን ካየች በኋላ የእንቁላሉን ቅርፊት በመዳፏ ይዛ፣ "ነጥቧን ማድረግሽ ሸጋ ነው" አለቻት። "ልክ እንዳስተማርኩሽ።"

"ነጥቧ ለምንድን ነው?" አልኩ፣ የማውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ፈገግ ብዬ።

"ወደ ላይ የነበረው ወገን ወደ ላይ እንደሆነ እንዲቆይ ነዋ፣ አባባ። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል፤ የእንሽላሊት ግን ከተጣለ በኋላ ከተገላበጠ ፅንሱ ይሞታል፣ ወይም ጉዳት ያገኘዋል።"

የሻይ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሚስቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ የመሣሪያ ሣጥኔን።

"እሷ ግን አላገላበጠችም" አለች መምህሯ እያሰበች። "መብራት ሲጠፋ በርዶባቸው ይሆናል። ብርድም ያጎብጣል።"

ጌታ ሆይ፣ መውጫው እንዴት ሰፊ ነበር! ጎንደር ውስጥ ማንኛውም ጥፋት በመብራት ቢሳበብ "ሐሰት" የሚል ሰው የለም። እኔም ሻይ ጨመርኩላት። መምህሯ ሄደች።

ልጄ ወዲያው ካርቶን አምጥታ አየር ማስገቢያ ትበሳ ጀመር።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ለፋሲካ የመጣው አጎቴ ነገ ወደ መተማ ይመለሳል። አንዱ እንኳ ከተበላሸ ይሄዳሉ ተባብለናል።"

"ጎባጣዋስ?"

"እሷም" አለች። "ሁሉም ነው የሚለው።" ከዚያ ድምጿ ትንሽ ሰለለ። "መንገድ ላይ ትሞታለች መሰለኝ።"

"መብራቱ..." አልኩ። ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምለውን ሁሉ ለማመን የተዘጋጀ ፊት ነበር። ልጆቼን ውሸት ስለተናገሩ ቀጥቻለሁ። አንዱን ልጄን ብርጭቆ ሰብሮ አልሰበርኩም ስላለ ምሳ ከልክያለሁ።

"መብራቱ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። አገላብጫቸዋለሁ።"

የካርቶኑ መብሻ እጇ ላይ ቆመ። "ስንት ጊዜ?"

"በቀን ሁለቴ።"

"ሁልጊዜ?"

"አንድም ቀን አላጓደልኩም" አልኩ፤ እንዲህ ስል፣ አፍሬ እያለሁ፣ ትንሽ ኩራት ድምፄ ውስጥ እንደነበረ አልክድም።

ስለ እናቴ ከሰል ነገርኳት። ስለ ማንኪያው ነገርኳት። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትሰድበኝም ለዚያ ቀን ብቻ ልፈቅድላት ወስኜ ነበር። እሷ ግን፣ "በስቅለትም?" አለችኝ።

"ከስግደት በፊት።"

በዚህ ጊዜ እናቷ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ልጄም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወረቀት አወጣች። ጻፈች፤ "እንስሳቱ እቤት ይቀመጣሉ። አባባ ወደ ሣጥኑ ከሁለት እርምጃ በላይ አይጠጋም። ለጎባጣዋ በየቀኑ ሦስት ዝንብ ያመጣል፤ ትናንሽ።"

"በሕይወት ያሉ?" አልኩ።

"በሕይወት ያሉ።"

ፈረምኩ። ሚስቴ ስትመሰክር፣ ሳቋ እንዳያመልጣት፣ እስክሪብቶውን በጣም አጥብቃ ነው የያዘችው።

ጎባጣዋ አደገች። ግድግዳ መውጣት አልቻለችም፣ አፍ ግን አላጣችም። ክረምቱን በሙሉ፣ ሽበቴን ይዤ፣ በሥጋ ቤቱ ደጅ በብርጭቆ ዝንብ ስይዝ ሰፈሩ ሁሉ አየኝ። የነፍስ አባቴ አንድ ቀን ቆመው ተመለከቱኝና፣ "ንስሐ ነው?" አሉኝ። "ነው" አልኩ። "ማን ሰጠህ?" "ልጄ።" ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "ልክ ሰጥታሃለች፤ አልጨምርበትም" ብለው አለፉ።

በሚቀጥለው ዓመት እንስቲቱ እንደገና ሁለት እንቁላል ጣለች። ሁለት ወር ሙሉ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ስመለከት ከረምኩ። ጥፋቴን መናዘዝ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም ነበር።