ማሽኑ ያላወቀው የአክስቴ ፊት

የአክስቴን ፀጉር የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ጥፋቱ ከኔ ይጀምራልና። ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ካምፕ ያለ ስደተኛ ሁሉ ፊቱ በማሽን እንደሚመዘገብ፣ ከዚያ ወዲያ እህልና ዘይት የሚታደለው ማሽኑ ፊቱን አይቶ ሲያውቀው ብቻ እንደሆነ በተነገረ ጊዜ፣ እኛ የሰማነው «ፎቶ ልትነሱ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። ፎቶ ደግሞ እኛ ዘንድ እንዲያው እንደተገኙ አይነሱትም። ከምኖርበት ከገዳሪፍ ከተማ ኩልና ቅባት ይዤ ሄድኩ። ከማለዳ ጀምሬ ሹሩባ ሠራኋት፣ ኩል ኳልኳት፣ ከጎረቤት ጉትቻ ተዋስንላት። ሰልፉ ላይ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። አክስቴ ማሽኑ ፊት ቆማ ፈገግ አለች፤ ማሽኑም ያቺን ፊት ያዘ።

በዚያው ዓመት ሰሊጥ ሲደርስ አንድ ልጇ ለአጨዳ ሄደ። ትኩሳት ያዘውና እዚያው እርሻው ላይ ሞተ። መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አክስቴ የመተማ ሴት ናት፤ ሐዘን እንዴት እንደሚታዘን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፣ እያየች ነው ያደገችው። ያን ሹሩባ በምላጭ አስላጨችው። ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ በጥፍሯ ነጨችው። እጇን ለመያዝ ሦስት ሴቶች ነበርን፣ አልቻልናትም። እውነቱን ለመናገር እኔ አጥብቄ አልያዝኳትም። ልጇ ነው የሞተው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእህል ተራዋ ደረሰ፤ አብሬያት ሄድኩ። ማሽኑ አያትና ቀይ አበራ። ባለማሽኑ ነጠላዋን ከራሷ ላይ እንድታወርድ ነገራት፤ አወረደች፤ አሁንም ቀይ። ስክሪኑ ላይ በአረብኛ «ሌላ ሰው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚያው ካርዷ ተዘጋ፤ በሰው ካርድ ልትወስድ የመጣች ተብላ ተመዘገበች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች በትግርኛም በአማርኛም እሷው ራሷ መሆኗን ተናገሩ። ሁሉም ለቅሶዋን የደረሱ ነበሩ። ባለማሽኑ «ማሌሽ፣ ምን ይደረግ፣ ቁስሏ ይዳን፣ ፀጉሯ ይደግ፣ ከዚያ ትምጣ» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ዓይን እያለው ስክሪኑን አመነ።

«ለእህል ብዬ ሐዘኔን ላሳጥር ነው?» አለችኝ ስንመለስ።

ሁለት ዙር አለፋት። ጎረቤቶቿ ከየድርሻቸው ዱራ ማሽላ እየቆነጠሩ ሰጧት። የሚበላስ አልጠፋም። ያቃጠላት ሌባ መባሏ ነው። እኔን ደግሞ ያ ሹሩባ አቃጠለኝ።

እንዲህ ያለው አቤቱታ ከየቦታው በዝቶ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት፣ የሱዳን መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ ላከ። ስሙ ረጅም ነበር፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጥቅምና ጉዳት የሚያጣራ ይባላል። የካምፑ ሰው ግን በአጭሩ «ለጅናው መጣ» አለ። እኔ ገዳሪፍ የምኖረው በማስተርጎም ነው። አረብኛ ከማይችል ሰው ጋር ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም እገባለሁ። ኮሚቴውም እኔኑ ጠራ። መኪና ውስጥ ሰብሳቢው ቅጹን አሳየኝ፤ ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አገልግሎቱ ፈጥኗል ወይ፣ ሰልፉ አጥሯል ወይ፣ ረክተዋል ወይ ይላል ቅጹ። ለጉዳት የተተወችው ቦታ አንዲት መስመር ናት። ከሚጠየቁት አንዷ አክስቴ መሆኗን ነገርኩት። «ግድ የለም» አለኝ፣ «ብቻ የሚሉትን አሳጥሪልን።»

ካምፑ እንደደረስን አንድ የሣር ዳስ ሥር ተቀመጥን። የአክስቴ ተራ ሲደርስ አገልግሎቱ ፈጥኗል ወይ ብለው ጠየቋት።

«ፈጥኗል እንጂ። እኔን ለማባረር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልፈጀበትም።»

አላሳጠርኩም። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሹሩባውን፣ ጉትቻውን፣ ልጇን፣ ጥፍሯን። ሰብሳቢው እንዳቆም በእጁ ምልክት ሰጠኝ። እንዳላየ ሆኜ ቀጠልኩ። ስትጨርስ ጸሐፊውን «ቴክኒካዊ ችግር፣ በራሱ የሚስተካከል፣ ብለህ ጻፍ» አለው።

«ምን አለ?» አለችኝ አክስቴ። ነገርኳት።

«የሚስተካከለው ሐዘኔ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩት። እሱ ግን ማሽኑ ምን ቢሻሻል ትወጃለሽ ወደሚለው መጨረሻ ጥያቄ አለፈ።

«ማሽኑን ምን አውቅለታለሁ? አጠገቡ ሰው ይቀመጥ። ማሽኑ አላውቃትም ሲል፣ እሷ ናት ወይ ብሎ ጎረቤቶቿን የሚጠይቅ ሰው።»

ይህም አልተጻፈም። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደኔ ገፋው፤ አስተርጓሚ ካልፈረመበት ቃሉ አይጸናም። አነበብኩት። አክስቴ ከተናገረችው አንድም ነገር የለበትም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አልፈራሁም ብዬ አልዋሽም፤ ሥራ የሚሰጡኝ እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ግን ያቺን ሴት ለማሽኑ አስጊጬ ያቀረብኳት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ በፊርማዬ ላጠፋት አልፈለግሁም።

«ኡስታዝ፣ እንዲህ አላለችም። ያልተባለ ነገር ላይ አልፈርምም።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ነገ ከዚሁ ከካምፑ ሌላ አስተርጓሚ እናመጣለን።»

«አምጡ። እሱም ለቅሶው ላይ ነበር።»

ከዳሱ ውጭ የቆሙት ሴቶች አረብኛው ገብቷቸው ኖሮ ወደ ዳሱ ጠጋ ጠጋ አሉ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ አክስቴን አያት። ከቅጹ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ፊቷን ሲያይ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ወረቀቱን መልሶ ወሰደ፣ የተጻፈውን ሰረዘና «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። በራሱ እጅ ጻፈው፣ እኔም ፈረምኩ። ያ ቃል የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማሽኑ እንደሆነ አሁንም እዚያው አለ። የአክስቴ ካርድ እንዲከፈት፣ ፊቷም እንደ አዲስ እንዲመዘገብ ግን ያኑ ዕለት አዘዘ።

ባለማሽኑ ካሜራውን ይዞ መጣ። እኔ ሞኟ ከቦርሳዬ ኩል አወጣሁ፤ ጠባሳዋን ላደበዝዝበት ቅባትም ይዤ ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። ይችን ያንሳት።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ አወረደች። ፀጉሯ ገና አጭር ነው፤ ጉንጯ ላይ የጥፍሯ መስመር እንዳለ ነው። አሁን ግን ፈገግ አላለችም። ባለማሽኑ ወደኔ ዞር ብሎ፣ ፀጉሯ ሲያድግና ጠባሳው ሲጠፋ ማሽኑ እንደገና ላያውቃት እንደሚችል ንገሪያት አለኝ። ነገርኳት።

«ያን ጊዜም መጥቼ እዚሁ እቆማለሁ በይው» አለች፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል። «አላውቅሽም ካለኝ ለጅናውን ይጥራልኝ፤ የምነግራቸው ገና አላለቀም።»