የጉልበቴ ወረቀት

ኳስ ተጫዋች እንደነበርኩ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ጎል አግብተሻል?» ብሎ ነው። በስምንት የውድድር ዘመን ሦስት። የእኔ ሥራ ማግባት አልነበረም። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሜ ኳስ መንጠቅ፣ የተጋጣሚ አጥቂ ዞር ሳትል መድረስና ለቅርብ ጓደኛዬ ማቀበል ነበር። በደንብ ስሠራ ማንም ልብ አይለኝም። አንዴ ስሳሳት ግን ሜዳው በሙሉ ይሰድበኛል።

ያደግኩት ከሆሳዕና ብዙ በማትርቀው ጃጁራ ነው። አባቴ ገበሬ፣ እናቴ ደግሞ የጤና ጣቢያው ነርስ ነበረች። የሆሳዕናው ክለብ አሰልጣኝ በትምህርት ቤቶች ውድድር አይቶኝ ሲጠራኝ አባቴ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈኝ። እናቴ «ትምህርትሽን ካልተውሽ ሂጂ» አለች። አልተውኩም፤ የክለቡ ካምፕ ውስጥ እየኖርኩ የመምህርነት ዲፕሎማዬን ያዝኩ።

በስምንተኛው ዓመት ሜዳው ጭቃ በሆነበት አንድ ጨዋታ ላይ ኳስ ልነጥቅ ስንሸራተት ቀኝ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ድምፁን ራሴ ሰማሁት። የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ መጣና እግሬን ይዞ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ኤምአርአይ መነሳት አለባት» አለ። አዲስ አበባ የወሰደኝ የቡድን መሪው ነበር። ውጤቱ የሚደርሰው በማግስቱ ስለነበረ እኔ በሚኒባስ ስመለስ እሱ ሊቀበል ቀረ።

ሲመለስ እኔና የቡድኑ ልጆች ካምፕ ውስጥ ምሳ እየበላን ነበር። ገና ከበሩ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! ትንሽ መለጠጥ ነው እንጂ ምንም የለብሽም» አለኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ልየው?»

«ፋይል ገብቷል። ደግሞ አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ላለመውረድ የምንጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ጉልበቴ አሁንም ያብጥ ነበር። አሰልጣኙ «ያለ አንቺ መሐሉ ክፍት ነው» አለኝ። ጠዋት ወደ አንድ ክሊኒክ ተወስጄ የማደንዘዣ መርፌ ተወጋሁ። ወጌሻው ተቃውሞ ስለነበር አብሮን እንዲመጣ እንኳ አልተፈቀደለትም። አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳያመኝ ተጫወትኩ። ከዚያ ማንም ሳይነካኝ፣ ለመዞር ብቻ ስል፣ እግሬ ከሥሬ ከዳኝና ወደቅኩ። እኔ በቃሬዛ ስወጣ ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየመራ ነበር። አልወረድንም። እነሱ ሜዳው መሐል ሲጨፍሩ እኔ አምቡላንሱ ውስጥ ሆኜ ጭፈራውን እሰማ ነበር።

ክረምቱ ሳያልቅ ክለቡ ላበረከትኩት አስተዋጽኦ አመስግኖ ውሌን እንደማያድስ የሚገልጽ ደብዳቤ ላከልኝ። ያኮረፈኝ አባቴ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ ቀዶ ሕክምና አስደረገልኝ።

በምርኩዝ እሄድ በነበረበት ጊዜ፣ በጃጁራ የገበያ ቀን፣ ወጌሻው ቤታችን መጣ። አልቀመጥም ብሎ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ፖስታ አወጣ። «ትናንት ፋይል ሳገላብጥ አገኘሁት። ዐይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም» አለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። የፊተኛው የጉልበቴ ጅማት በከፊል ተቀዷል ይላል። ከሥሩ ሐኪሙ በእጁ ጽፏል፦ ስፖርት እንዳትሠራ፤ በአስቸኳይ ስፔሻሊስት ይያት። ቀኑ ከመርፌው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ በሀድይኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ ያንን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት እኔና እናቴ ክለቡ ቢሮ ነበርን። የቡድን መሪው ከወንበሩ ተነሳ።

«ሲስተር፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ቆሜ እጠይቃለሁ» አለች እናቴ። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። «ይህን ወረቀት ያነበበው ማነው?»

ወረቀቱን አየና ወደ እሷ መልሶ ገፋው። ከዚያ «ቡድኑ ሊወርድ ነበር እኮ። ደግሞ እጫወታለሁ ያለችው ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም» አለ።

እጫወታለሁ ማለቴ እውነት ነው። ጉልበትሽ ደህና ነው የተባለች ተጫዋች ሌላ ምን ልትል ኖሯል? እናቴ ቀደመችኝ። «ልጄ እሺ ያለችው የነገራችኋትን ሰምታ ነው። የደበቃችሁባትን ብትነግሯት ምን እንደምትል አልጠየቃችኋትም።»

ለክለቡ የበላይ ኃላፊዎች አቤቱታ ጻፍን። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለት ጊዜ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በምርኩዝ ደረጃ ወጥቼ። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት አልተገኘም የሚል ነበር። የተቀጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወጌሻው። የቢሮ ሰነድ ያለ ፈቃድ አውጥቷል ተብሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። የደበቀው የቡድን መሪ በዚያው ሰሞን ወደ ተሻለ ወንበር ተዛወረ፣ ያወጣው ተቀጣ!

ወደ ሜዳ አልተመለስኩም። አሁን ሾኔ ከተማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ክለቡ የቀድሞ ተጫዋቾችን ሊያመሰግን እኔንም ጠራኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ ዋንጫዬን ከመቀበሌ በፊት አሁን ላሉት ተጫዋች ልጆች አምስት ደቂቃ ልናገር ብዬ ጠየቅኩ። ፕሮግራሙ ጠባብ ነው አሉኝ። ዋንጫውን ትቼ ወደ ካምፑ ሄድኩና ልጆቹን አልጋቸው ላይ ሰብስቤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «የሕክምና ውጤታችሁን ራሳችሁ ተቀበሉ፤ ራሳችሁ አንብቡ» አልኳቸው።

«ባይሰጡንስ?» አለች አንዷ ተከላካይ።

«ካልሰጧችሁ አትጫወቱ።»

አዲሱ የቡድን መሪ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። «በክብር ጠርተንሽ ልጆቹን ታሳምጪብናለሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩትና ወጣሁ።

ያቺ ተከላካይ በቅርቡ ደውላልኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቷን ታመመች፤ ውጤቷን እኔ ራሴ ካልተቀበልኩ ብላ ስትከራከር ዋለች። በመጨረሻ የሰጧት ወረቀት የሁለት ወር እረፍት ያስፈልጋታል ይላል። «ኮች አኩርፎኛል፤ እኔ ግን ቤቴ ነኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። አንዲት ልጅ የገዛ እግሯን ወረቀት ለማንበብ ቀኑን ሙሉ መከራከር ነበረባት?