በራሴ ድምፅ የገደልኳቸው ዓሦች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋና አዘጋጁ ጋሽ ታደሰ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝና ሳትደነቃቀፊ አንብቢ አሉኝ። ወረቀቱ ብር ከዶላር አንጻር ያለው ምንዛሪ ዝቅ መደረጉን ይናገራል። ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ያለችው የሬዲዮ ጣቢያችን ያኔ ሁለት ክፍል ነበረች። አንደኛው ስቱዲዮ ነው፤ በሌላኛው ወደ ስቱዲዮ እንዳይሰማ ድምፃችንን ቀንሰን እንጣላበታለን።

ሳልደነቃቀፍ አነበብኩ። ስወጣ ስልኩ ይጮሃል። ሽንኩርት ቸርቻሪ ነኝ ያሉ ሴትዮ ብራችንን ማን እንደቀነሰው ጠየቁኝ፤ የራሳቸውን ቆጥረውታል፣ አልጎደለም። ምን ልበላቸው ብዬ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞርኩ። እሳቸው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ከጀርባው ምንም አልተጻፈም።

በዚህ ምክንያት ፕሮግራም ተሰጠኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣውን የኢኮኖሚ፣ የቴክኖሎጂና የባህል ዜና ሰው በሚገባው ቋንቋ አስረዳለሁ። በደብዳቤ ማዕረጌ ጀማሪ ሪፖርተር ነው፤ በሥራ ግን ሪፖርተርም፣ አርታኢም፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሺም ነበርኩ። የምንዛሪውን ነገር ከውጭ በሚመጣው የምግብ ዘይት አስረዳሁ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሴትዮዋ መልሰው ደወሉ። «እና ዘይት ሊወደድ ነው በይና እንረፍ እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የጽሑፌን የመጨረሻ መስመር መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ።

ዓመታት አልፈው ከፍተኛ አዘጋጅ ሆንኩ። ዜናውም ከወረቀት ወደ ስልክ ዞረ። አንድ ሳምንት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአምባሰል ቅኝት ዘፈነ ተብሎ ድምፁ መጣልን፤ በአየር ላይ አሰማሁት። ውጫሌ በየሠርጉ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት ደወሉና ድምፁን አመሰገኑ። «ግን ማን ጥሎት ሄዶ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ቶሎ ብዬ ማስታወቂያ ለቀቅኩ።

ማሽን መዝፈን ከቻለ ዓሣም መግደል እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በስልኬ ቪዲዮ ደረሰኝ። ውሃው ላይ በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፏል፤ ከላዩ የሐይቅ ዓሣ ተመርዟል የሚል ጽሑፍ አለው። ከሦስት ሰው ስለደረሰኝ ሦስት ምንጭ ያገኘሁ መሰለኝ። ለካ ሦስቱም ያገኙት ከአንድ ሰው ነው። የቀጥታ ስርጭቱ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አነበብኩት። አሁንም ሳልደነቃቀፍ።

በዚያው ቀን የደሴ ሆቴሎች ዓሣ መቀበል አቆሙ። በማግስቱ የእኛ ከተማ ምግብ ቤቶችም ዓሣ ከዝርዝራቸው ላይ ሰረዙ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሰይድ ጣቢያው ድረስ መጡ። ሐይቁ ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ሰላም አላሉኝም። በፌስታል የያዙትን ቆሮሶ ዓሣ ማይክራፎኑ አጠገብ ዘርግፈው፣ በሬዲዮ የገደልሽው ይኸው ነው አሉኝ።

ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ አዩት።

«የሞተ ዓሣ ሆዱን ነው ወደ ላይ የሚሰጥ» አሉ። «እነዚህ ሁሉ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው የሚንሳፈፉት ምን ሆነው ነው? ሰልፍ ላይ ናቸው?»

ደግሜ አየሁት። አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ በአንድ ልክ የተቆረጠ፣ ማሽን የሠራው ዓሣ ነው። መቅረጫዬን ይዤ በጀልባቸው ወደ ሐይቁ ገባሁ። ግማሽ ቀን ስንዞር አንድም የሞተ ዓሣ አላገኘንም። መረቡን ሊሸጡት ገዢ እያነጋገሩ እንደሆነ የነገሩኝ ስንመለስ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ነበር የነገሩኝ።

ጋሽ ታደሰ ዝም ብለን በሌላ ዜና እናልፈው አሉ። ጣቢያው ተሳስቶ አያውቅም ተብሎ ነው የሚደመጠው ሲሉ፣ እንደዚያ የሚባለው ማንም ጠይቆን ስለማያውቅ ነው አልኳቸው። ዜናውን በአየር ላይ ካረምኩ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍብኝ ነገሩኝ። ጻፉብኝም።

ዓርብ በቀጥታ ስርጭት ስሜን ጠርቼ፣ ዜናው ሐሰት እንደነበር፣ ሳላጣራ ያነበብኩትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ያን ቀን በደንብ ተደነቃቀፍኩ። ጋሽ ሰይድ የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጥተው ነበርና ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጠን በላን። አንድ አድማጭ ደውሎ የምትበሉት ዳቦ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን አለን። እውነቱን ነው፤ በሬዲዮ ማኘክ ማስረጃ አይሆንም። ጋሽ ሰይድ ግን ሳቁ፤ በነጋታው የጠረጠረ ሁሉ ሐይቁ ዳር መጥቶ አብሯቸው እንዲበላ በአየር ላይ ጋበዙ። አርባ የሚሆን ሰው መጣ። ጋሽ ታደሰም ከኋላ ቆመው ሁለት ዓሣ በሉ።

ሆቴሎቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጋሽ ሰይድ መረባቸውን አልሸጡም። ለዓመታት አብሯቸው ይቀዝፍ የነበረው ባልደረባቸው ግን በእነዚያ ሳምንታት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ እዚያው ቀረ። አሁን ብቻቸውን ነው የሚቀዝፉት። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ለአዳዲስ ሪፖርተሮች የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ አንድ ቦታ የመጣ ዜና ከመነበቡ በፊት እዚያው ላለ ሰው ይደወላል። ያን ማክሰኞ ሐይቁ ከስቱዲዮው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነበር።